ቀይ ብርሃን በጅግጅጋ ወተት ላይ

“ጅግጅጋ ላይ ሌዘር?” ብሎ ያልሳቀብኝ ሰው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ሌዘር ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ነው።

2011 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ደህና ሥራና ደህና አለቃ ነበረኝ። የተወለድኩባት ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሌዘር ምርምር ማዕከል ሊከፍት ነው፣ የቴክኒክ ልማቱን የሚመራ መሐንዲስ ይፈልጋል ሲባል ስሰማ ግን ጨርቄን ማቄን ሳልል ተነሣሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከተማዋ ክፉ ቀን አይታ ነበርና ብዙ የሰፈሬ ልጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ መሐል አገር ይወጡ ነበር። እነሱ ሲወጡ እኔ ገባሁ። “አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ?” ይሉኝ ነበር ጓደኞቼ። ምን ልበላቸው? አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚያው ቀረ። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ኖሮ እዚያው ጡረታ ወጣ። እኔም አማርኛና ሶማልኛን የትኛውን ቀድሜ እንደቻልኩ እናቴ እንኳ አታውቅም። አገሬ ነው፤ አገሬ ለመግባት ደግሞ ምክንያት ማቅረብ አለብኝ እንዴ?

ማዕከል የተባለው ቦታ ስደርስ ግን እኔም ራሴ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። የተሰባበረ ወንበር ሲከማችበት የኖረ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ በመስኮቱ የገባው አቧራ ወለሉ ላይ እግር ያሰምጣል። ሌዘር ደግሞ አቧራ አይወድም፣ ንዝረት አይወድም፣ የሚዋዥቅ መብራት ጭራሽ አይወድም። ጅግጅጋ እነዚህን ሁሉ በልግስና ነው የምትሰጠው።

መስኮቶቹን በብሎኬት አስደፈንኩ። በሩን ድርብ አደረግነው። “ጫማ አውልቁ” የሚል ማስታወቂያ ልለጥፍ ስል እንደማያስፈልግ ገባኝ፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት ንጹሕ ክፍል ደጃፍ ላይ ጫማ ማውለቅ እዚህ አገር ለማንም አይነገርም። ከአጥሩ ውጭ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የብረቱ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጥ ነበርና እግሩን አሸዋ በሞላ ሣጥንና በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ አስቀመጥነው። ወላሂ ፀጥ አለ። ያን ቀን በባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሁለት ሰዎች አብረውኝ ነበሩ። ኤሌክትሮኒክሱን የሚሠራው ባልደረባዬ ከጅግጅጋ ብዙም የማትርቀው የአውበሬ ሰው ነው። እኔ ስነድ እሱ ይቀዘቅዛል፤ ሊያናድደኝ ሲፈልግ ደግሞ “አለቃ” ይለኛል። ሌላዋ የላብራቶሪ ባለሙያችን ናቸው። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፣ የከተማው ተወላጅ ሶማሌ ናቸው፣ ለዓመታት የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ዕቃ ሲያዘጋጁ የኖሩ። “ኤዶ” እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። እሳቸው ያጠቡት ብርጭቆ ላይ የጣት አሻራ አገኛለሁ ብሎ የሚፈልግ ሰው ዐይኑን ብቻ ነው የሚያደክመው።

ሌዘሮቹ ግን የእኛ አልነበሩም። መሐል አገር ያለ አንድ የምርምር ተቋም ነው በውሰት የሰጠን። የተቋሙ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ሲያስረክቡኝ እጄን ጨብጠው “እስኪ እናያለን” አሉኝ። ያችን “እስኪ” ዛሬም አልረሳኋትም፤ ደሜን ነው ያፈላችው።

ምን እንሥራበት ለሚለው ብዙ አልተከራከርንም። ጅግጅጋ የግመል ወተት ከተማ ናት። ጠዋት ጠዋት ወተቱ ከገጠር በመኪና ተጭኖ ይገባል፣ ሴቶቹ ተቀብለው ይቸረችራሉ። ገበያው ላይ ደግሞ የየቀኑ ጭቅጭቅ አንድ ነው። ገዢዋ “ውሃ አለበት” ትላለች፣ ሻጯ “ውሃ ካለበት ልጆቼን አያሳድግልኝ” ብላ ትምላለች። ልጅ ሆኜ እናቴ እየጎተተች ስትወስደኝ የሰማሁትን መሐላ ሠላሳ ዓመት አልፎኝም ያንኑ እሰማለሁ። እኛ ይህን ጭቅጭቅ የሚፈታ፣ አንድ ሰው በክንዱ አቅፎ ገበያ ይዞት የሚሄደው ማሽን እንሠራለን አልን። ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። ቀይ የሌዘር ብርሃን ወተቱ ላይ ይበራል። ወተት ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑን መልሶ ይተፋዋል፤ ውሃ የገባበት ወተት ግን ይሳሳና የሚመልሰው ብርሃን ያንሳል። የተመለሰውን ብርሃን የምትለካ አንዲት ዐይን ከሌዘሩ ጎን እናስቀምጣለን፣ አለቀ።

አለቀ! እንዲህ ነበር ያልኩት።

እነዚያ ብርሃን የሚለኩ ዐይኖች በጅቡቲ በኩል መጥተው ደወሌ ጉምሩክ ስለቆዩ ራሴ ሄጄ ነው ያወጣኋቸው። መኮንኑ ሰነዱ ላይ “ሌዘር” የሚለውን ቃል ሲያይ ቅንድቡን ሰቀለ። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም።

“ሰው ያሳውራል?” አለኝ።

“የለም፣ ወተት ውስጥ ውሃ መኖሩን ያሳውቃል።”

“ይሄንንማ ሚስቴም ታሳውቃለች፣ አንድ ጊዜ ቀምሳ።”

“ሚስትህን ገበያ መሐል አቁሜ የከተማውን ወተት ሁሉ ላስቀምሳት?” አልኩት። ከልቡ ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና ግቢው ተዘጋ። ተከፈተ፣ እንደገና ጀመርን። ማሽኑ ተገጣጠመ፣ ቀዩ ብርሃን በራ፣ ቁጥሩ መጣ። ጉዱም አብሮ መጣ። ማሽኑ ዛሬ “ንጹሕ” ያለውን ወተት ነገ “ውሃ አለበት” ይላል። ለንጽጽር የምንጠቀምበትን ወተት የሚያመጡልን ኤዶ ናቸው፤ ከተማው ጫፍ ላይ ካለው የወንድማቸው ግመል የታለበ፣ ማንም ያልነካው። ማሽኑ ያንን ወተት እንኳ ሰኞ ያመሰግነዋል፣ ማክሰኞ ይሰድበዋል። ሌዘሩን ቀየርን። መብራቱ ነው ብለን በመኪና ባትሪ አስነሣነው። ሙቀቱ ነው ብለን ክፍሉን አቀዘቀዝን። ባልደረባዬ ሰሌዳውን እንደገና በየደ። ኤዶም በበኩላቸው “የዕቃው ጽዳት ይሆናል” ብለው የናሙና ብልቃጦቹን ከወትሮው የበለጠ መንከባከብ ያዙ። ጭራሽ ባሰበት። እሳቸው በተጠነቀቁ ቁጥር ማሽኑ ያብዳል።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው የኮሌጁ ዲን ቢሮአቸው ያስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ክፉ ወሬ ሲያወሩ እስክሪብቷቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ያን ቀንም ከፈቱ፣ ዘጉ።

“ፕሮፌሰሩ ደውለው ነበር” አሉኝ። “ሰኔ ላይ ከገምጋሚዎች ጋር ይመጣሉ። የሚሠራ ነገር ካላሳያችኋቸው ሌዘሮቹን ይዘው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ... ክፍሉን ለሌላ ሥራ እፈልገዋለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ።”

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ያለ አንድ የግራር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ማልቀስ አማረኝ፣ አላለቀስኩም። ሌዘሩ ከሄደ ማዕከል የሚባል ነገር የለም። የአውበሬው ሰው ስልክ ጥገና ይገባል፣ ኤዶ ወደ ኬሚስትሪ ዕቃ ማጠብ ይመለሳሉ፣ እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ አለቃዬን ደጅ እጠናለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ “ጅግጅጋ ላይ ሌዘር?” ብለው የሳቁት ሁሉ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ይሄ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

“ወተቱ ላይ የሚጨምሩት ሌላ ነገር አለ” አልኩ በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደድኩ። “ሻጮቹ፣ አምጪዎቹ፣ አንዳቸው የሆነ ነገር ይጨምራሉ።”

“የኤዶ ወንድምም ይጨምራል?” አለኝ ባልደረባዬ ዝም ብሎ እየበየደ።

“እንግዲያው ከግመሏ ጡት ሥር ቆመን እንቀበላለን!”

“ሀዬ፣ አለቃ” አለ። እሺ ማለቱ ነው፤ እንዲህ ሲል ደግሞ ከእኔ በፊት ጫማውን ያስራል።

ደምበል ወደሚባለው ገጠር ወረድን፤ እሱ እዚያ ግመል ያለው ዘመድ ነበረው። አመሻሽ ላይ ገብተን አደርንና ጠዋት ግመሎቹ ጋ ሄድን። ከግቢ ራሴ ያጠብኩት ብርቱ የብረት ፍላስክ ይዣለሁ። ባለግመሉ አንድ እግሩን አጥፎ በሌላኛው ጉልበት ላይ አስደግፎ ቆመ፤ እዚያ አገር ግመል የሚታለበው እንዲህ በአንድ እግር ተቁሞ ነው። ዲሉን ጭኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ባልደረባዬ ፍላስኩን ዘረጋለት። ዲል የሚሉት ከዛፍ ሥር ተጎንጉኖ የተሠራ የወተት ዕቃቸው ነው።

“በዚህ ብረት?” አለ ባለግመሉ። “ወተቱን ልታዋርዱት ነው?”

“ለትምህርት ነው፣ ይቅር በለን” አልኩት። እያጉረመረመ አለበልን። አረፋው ፍላስኩ አፍ ድረስ መጣ። እኔ ደግሞ ከመንገድ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ጠምቶኛል፤ ለማሽኑ ከማስቀመጤ በፊት በክዳኑ ቀዳሁና ጎንጨት አልኩ።

ፊቴ ተጨማደደ። “ይሄ ወተት ምን ሆኗል?”

“ምን ሆኗል?” አለ ባለግመሉ በቁጣ። “ዐይንሽ እያየ ከጡቷ ወጣ፣ ምን ሆኗል ትያለሽ?”

ባልደረባዬ ክዳኑን ተቀብሎኝ ቀመሰ። እሱም ምላሱን አጣጣመ። “ወተት ወተት አይልም” አለ በመጨረሻ።

እኔ ግን አፍንጫዬን ፍላስኩ ውስጥ ከትቻለሁ። ምንም ሽታ የለውም። ከባለግመሉ እጅ ዲሉን ነጠቅኩት ማለት ይቻላል፤ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። የእናቴ ጓዳ! የልጅነቴ ወተት ሁሉ እዚያ ዲል ውስጥ አለ።

“ጭስ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ግመሏ ደንብራ ወደ ኋላ አለች። “ጭሱ ነው! እኛ ወተት ወተት ይላል የምንለው ጭሱን ነው!”

እዚህ አገር ወተት ባልታጠነ ዕቃ ውስጥ አይገባም። መዓዛ ያለው እንጨት ይነድና ፍሙ ከነጭሱ ዕቃው ውስጥ ይገለበጣል፣ ይነቀነቃል፣ ይወለወላል፤ ከዚያ ነው ወተቱ የሚጨመረው። ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያደርገዋል፣ ጣዕሙንም ይሰጠዋል። ዲሉ ብቻ አይደለም፣ የፕላስቲክ ጀሪካኑም ሳይቀር ይታጠናል። እናቴም የከብቱን ወተት ዕቃ በወይራ ታጥን ነበር። የጭሱ ጥቀርሻ ታዲያ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ ወተቱ ውስጥ ይቀራል፤ ዐይን አያየውም፣ ምላስ ለምዶታል። ብርሃንን ግን ይውጣል። የተዋጠ ብርሃን ደግሞ ወደ ማሽናችን ዐይን አይመለስም፣ ማሽኑም “የተመለሰው አነሰ፣ ስለዚህ ውሃ አለበት” ይላል። አንዷ ቤት አጥብቃ ታጥናለች፣ ሌላዋ ለወጉ ያህል፤ ቁጥሩ ሲዘል የከረመው ለዚህ ነው። ከእኛ መሐል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ ሽታ ርቆ ያደገ ቢኖር በመጀመሪያው ቀን አፍንጫውን ይዞ “ይሄ ምንድነው?” ባለ ነበር። እኛ ሦስታችንም ያንን ሽታ እየጠጣን ነው ያደግነው፣ ማን ይጠይቅ?

ባለግመሉን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ይቅርታ ጠየቅኩትና ጅግጅጋ እስክንገባ ስንስቅ ሄድን። ከዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝና ሳቄን አቆምኩ።

ላብራቶሪ እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላወልቅ፣ “ኤዶ፣ የናሙና ብልቃጦቹን ያጥኗቸዋል እንዴ?” አልኳቸው።

ኤዶ ቀና ብለው አዩኝ። “ታዲያስ! ሳላጥን ወተት ልጨምርበት? ሰው ምን ይለኛል?”

“የመስታወቶቹን?”

“የመስታወቶቹን ነዋ! ማሽኑ ከተበላሸ ወዲህማ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የማጥናቸው። ጽዳት ጎድሎ እንዳይሆን ብዬ።”

ባልደረባዬ ፍላስኩን እንደታቀፈ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እኔ ሆዴን ያዝኩ። እንዲህ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ እንባዬ ፈሰሰ። ኤዶ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ስንነግራቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ከዚያ እሳቸውም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካመጣነው ያልታጠነ ወተት ቀዳሁላቸው። አሸተቱና መለሱልኝ። “ይሄ ለማሽንሽ ይሁን፣ ለሰው አይሆንም” አሉ።

ሳቁ ሲያልቅ ጭንቁ እዚያው ነበር። ሰኔ ደርሷል። ባልደረባዬ ቀላሉን መንገድ አመጣ፤ “ሻጮቹ ለምርመራ የሚሰጡንን ሳያጥኑ ያምጡ ብለን እንንገራቸው፣ ማሽኑ በዚያ በደንብ ይሠራል።”

ነደድኩ። “አንተ የአውበሬ ሰው ሆነህ ይሄን ትለኛለህ? የትኛዋ ሴት ናት ባልታጠነ ዕቃ ወተት ይዛ ገበያ የምትወጣው? ማሽኑ ገበያውን ይልመድ እንጂ ገበያው ማሽኑን አይለምድም! እዚህ የሠራነው እዚህ ካልሠራ ለምን ጅግጅጋ መጣን?”

“ሀዬ፣ አለቃ” አለ። ይሄኔ ግን እየሳቀ ነበር፤ ልቤን ሊያይ እንደሆነ ገባኝ።

መፍትሔው ሲመጣ በጣም ግልጽ ስለነበር አፈርኩ። ጭስ ብርሃንን ይውጣል። ውሃ ግን አይውጥም፣ ያሳልፋል። አንድ ዐይን ብርሃኑ አለመመለሱን ታያለች እንጂ ተውጦ ይሁን አልፎ አታውቅም። ከወተቱ በስተጀርባ ሁለተኛ ዐይን ብናስቀምጥስ? ብርሃኑ ከፊትም ከኋላም ከጠፋ ጭስ ነው። ከፊት አንሶ ከኋላ ከበዛ ውሃ ነው። ሁለተኛ ዐይን ነበረን፣ ከደወሌ ያመጣኋቸው መጠባበቂያዎች መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ችግሩ ወተቱ ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑ ወደ ኋላ እንዲደርስ በጣም ቀጭን የመስታወት ሣጥን ማስፈለጉ ነበር። ከተማ ውስጥ መስኮትና የፎቶ ፍሬም የሚሠራ ባለመስታወት ጋ ቁጭ ብዬ አስቆረጥኩ። ስንቱ ተሰበረ፣ ስንቱ አፈሰሰ! መብራት በሄደ ቁጥር ባልደረባዬ ብየዳውን አንጠልጥሎ በባትሪ ይቀጥላል። ኤዶ ደግሞ ባለጋራ ሆነው መጡልን፤ እያንዳንዱን ወተት ከፍለው አንዱን ለዘብ ባለ፣ ሌላውን በጠነከረ ጭስ እያጠኑ፣ ከፊሉ ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያቀርባሉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነግሩንም። ማሽኑን ማታለል ሱስ ሆነባቸው። አንድ ቀን ማሽኑ ያቀረቡትን ሁሉ ለየ። በማግስቱም ለየ። በሦስተኛው ቀን ኤዶ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና እልል አሉ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እሰይ! አንጀቴ ራሰ።

ፕሮፌሰሩ የመጡት ከሁለት ገምጋሚዎችና ከአንድ አይሱዙ ጋር ነው። አይሱዙው ላይ ባዶ የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል፣ ውስጣቸው ስፖንጅ ተነጥፏል። ሌዘሮቻችንን ሊያስተኙባቸው! ሹፌሩ መኪናውን በራችን ላይ አስጠግቶ አቆመ። ሣጥኖቹን ሳይ እልህ ያዘኝ።

ራሴ ወተት ቀድቼ ራሴ ብለካ ማን ያምነኛል ብዬ የወተት ሻጮቹን ሊቀመንበር ጋብዣት ነበር። የእኔ እኩያ ናት፣ ድምፅዋ ገበያውን ከዳር እዳር ይሞላል፣ ማሽናችንን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አታምነውም። ከምታምናቸው ሴቶች የሰበሰበችውን ወተት ተሸክማ መጣች። “ግማሹን እኔ ራሴ አበላሽቼዋለሁ” አለች። “የቱን እንደሆነ የማውቀው እኔና ፈጣሪ ነን። ማሽንሽ ያውጣው።”

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ከአንዱ ዲል ቀምሰው ሳል አሉ። “ጭስ ጭስ ይላል፣ ተቃጥሏል እንዴ?”

“ፕሮፌሰር፣ ቀደም ብለው ቢጎበኙን ኖሮ ያን ሁሉ ወር ባልደከምን!” አልኳቸው። ዲኑ እስክሪብቷቸውን ዘጉ፤ ሳቃቸውን ለመያዝ ነበር።

ጀመርን። የመጀመሪያው፦ ንጹሕ። ሊቀመንበሯ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ቀጣዩ፦ ውሃ አለበት። ነቀነቀች። አንዱን ውሃ አፍስሳበት ሽታው እንዲሸፍነው ክፉኛ አጥናው ነበር፤ ማሽኑ ያንንም ለየ፣ እሷም “ኦሆ!” አለች። እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው ዲል ደረስን። ማሽኑ “ውሃ አለበት” አለ።

ሊቀመንበሯ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “ተሳሳተ። ይሄ የቤቴ ወተት ነው። ጠዋት እህቴ አልባ የሞላችልኝ። ውሃ አልነካውም፣ ወላሂ አልነካውም!”

 ባልደረባዬ ደግሞ ለካ፣ ያው ነው። ወተቱን ቀይሮ ለካ፣ ያው ነው። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ በሩ፣ ወደ አይሱዙው አዩ። ኤዶ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ላይ ናቸው።  “ምናልባት ትንሽ ስሕተት...” ብዬ ማለፍ እችል ነበር፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ከፊት ያለችውን ዐይን ቁጥር አየሁ፣ ከኋላ ያለችውንም አየሁ። ብርሃኑ አልተዋጠም፣ አልፏል።

“አልተሳሳተም” አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። “ማሽኑ አልተሳሳተም። እህትሽ ጋ ደውይ።”

“የእኔን እህት ሌባ ልትያት ነው?”

“ምንም አላልኳትም። ደውይ ብቻ። እኛም እንስማ።”

በንዴት ስልኳን አወጣችና ድምፁን ከፍታ ደወለች። እህቷ አነሣች። ሊቀመንበሯ በሶማልኛ ጮኸችባት፤ በዛሬው ወተት ላይ ውሃ ጨምረሻል ወይ?

“ኧረ አስተግፊሩላህ!” አለች እህት። “እኔ ነኝ ውሃ የምጨምረው?” ፕሮፌሰሩ ቋንቋውን ባይሰሙም የሊቀመንበሯን ፊት ያነባሉ። ከዚያ እህት ቀጠለች፣ “ማለቢያውን ብቻ ነው ያለቀለቅኩት፤ እታች የቀረውን በትንሽ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ጨመርኩልሽ። ወተት ይደፋ እንዴ?”

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መናገር አልችልም። ኤዶ እልል አሉ። ባልደረባዬ፣ ያ ቀዝቃዛ ሰው፣ አንገቴን አንቆ አነሣኝ። ዲኑ ለገምጋሚዎቹ ሊተረጉሙ ሞክረው በሳቅ አልቻሉም። ሊቀመንበሯ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ዘጋችና ማሽኑን ዙሪያውን እየዞረች አየችው።

“እኔ ያላወቅኩትን አወቀ” አለች በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ መጡና እጄን ጨበጡኝ። እንደ መጀመሪያው ቀን አይደለም፣ በሁለት እጃቸው ነው። “ሌዘሮቹ የትም አይሄዱም” አሉ። ይህን ሲሉ አልቅሺ አልቅሺ አለኝና ያን ቀን አለቀስኩ፣ በሰው ፊት፣ ምንም ሳላፍር። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ወደ በሩ ዞረው ሹፌሩን “አንዱን ሣጥን ብቻ አስገባ” ሲሉት እንባዬ ደረቀ።

“ምን ሊጭኑ ነው?” አልኩ።

“ይህንን ማሽን። እኛ ጋ ለተማሪዎቻችን እናሳየዋለን። ጅግጅጋ የተሠራ መሆኑንም እጽፍበታለሁ።”

እሺ ልል ነበር። ደስታ ያሞኛል። ሊቀመንበሯ ቀደመችኝ፤ ሣጥኑን ይዞ በገባው ሹፌርና በማሽኑ መሐል ገብታ ቆመች።

“ወዴት ወዴት! ይሄ ማሽን ነገ ጠዋት ገበያ ይገባል። ከእህቴ ነው የምጀምረው። እናንተ ሌላ ይሠራላችሁ።”

ፕሮፌሰሩ አዩኝ። እኔ ባልደረባዬን አየሁት፣ እሱ ኤዶን አየ። አንዳችንም ለመሸምገል አልፈለግንም።

“እንግዲህ ፕሮፌሰር” አልኳቸው እንባዬን እየጠረግኩ፣ “ወረፋ ይያዙ።”

አይሱዙው ባዶ ሣጥኖቹን እንደጫነ ከግቢው ወጣ። ፕሮፌሰሩም ከወተት ሻጮቹ ቀጥሎ ወረፋ ያዙ።